ጠቆር ያለ ሁሉ ሼሪ አይደለም፦ ስለ ዊስኪ አቀማመስ ለተጻፈው መመሪያ የተሰጠ ምላሽ

ሼሪ የተባለው ጠንካራ የስፔን ወይን በነበረበት በርሜል ያረጀ የስኮትላንድ ሲንግል ሞልት (ከአንድ ማንጠሪያ ቤት የወጣ የገብስ ብቅል ዊስኪ) እንዴት እንደሚቀመስ የሚያስተምር አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ከርሟል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥሩ የሼሪ ዊስኪ በቀለሙ ጥቁረት ይለያል፤ ጣዕሙን የሚያገኘው አሮጌ በርሜል ውስጥ ከቀረ ወይን ነው፤ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ጥራቱ ይጨምራል፤ በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወርደው «እንባ» የጥራት ምስክር ነው፤ ውሃ የነካው ዊስኪ አበቃለት፤ የክብሪት ሽታ ያለው ጠርሙስ የተበላሸ ነው፤ ዳኝነቱ በመጀመሪያው ጉንጭ ያልቃል፤ ጠርሙሱን እንደ ወይን አጋድመው ካስቀመጡት ደግሞ እያደር ይጣፍጣል።

ስለዚህ መጠጥ በአማርኛ መጻፉ መልካም ነው፤ ለዚህ ጸሐፊው ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ከነጥቦቹ አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው፤ የቀሩት ግማሽ እውነት ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ጸሐፊው ዊስኪውን ትተው ሼሪውን ይዳኛሉ። በሼሪ በርሜል ያረጀ ሲንግል ሞልት ሲቀመስ ዋናው ጥያቄ «ሼሪው ምን ያህል በዝቷል?» የሚለው አይደለም። ከገብስ ብቅል የወጣው አረቄ ከዚያ ሁሉ ዘቢብና ቅመም ሥር አሁንም ይሰማል ወይስ ታፍኖ ቀርቷል? ጥሩውን ከመካከለኛው የሚለየው ይህ ነው። ከዚህ ተነሥተን ነጥብ በነጥብ እንሂድ።

«ወደ ቡናማ ያደላ ቀለም የጥራት ምልክት ነው»

ከመዳብ ማንጠሪያው የሚወጣው ጥሬ አረቄ እንደ ውሃ የጠራ ነው። የአልኮል መጠኑ 70 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በተለመደው አሠራር በውሃ ወደ 63.5 በመቶ ዝቅ ተደርጎ በርሜል ውስጥ ይገባል። ቀለም የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። መጠኑን የሚወስኑት የእንጨቱ ዓይነት፣ የበርሜሉ ስፋት፣ የቆይታው ርዝመት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በርሜሉ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ነው። ቡና አፍልቶ ለሚጠጣ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ በርሜልም አቦል፣ ቶና እና በረካ አለው። ሼሪው ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዊስኪ የተሞላበት በርሜል ብዙ ቀለምና ብዙ ጣዕም ይሰጣል፤ ሁለተኛው ይቀንሳል፤ ሦስተኛው ከዚያም ይቀንሳል። በበረካ በርሜል 25 ዓመት የተኛ ዊስኪ በአቦል በርሜል 8 ዓመት ከቆየው ይልቅ የገረጣ ሊሆን ይችላል። የገረጣው ግን ፍራፍሬው የጠራ፣ አረቄው የተገራ፣ ጣዕሙ ረጅም ሊሆን ይችላል፤ በቀለም የዳኘ ሰው ያንን ጠርሙስ ሳያየው ያልፋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ካራሜል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የስኮች ዊስኪ ደንብ በዊስኪው ላይ ሁለት ነገር ብቻ እንዲጨመር ይፈቅዳል፦ ውሃና ለማቅለሚያ የሚሆን ተራ ካራሜል፣ ማለትም ኢ150ኤ። ስለዚህ በመደርደሪያ ላይ የምናየው ቡናማ ቀለም የሼሪ ሳይሆን የተቃጠለ ስኳር ሊሆን ይችላል። በጀርመን ገበያ ማቅለሚያ የተጨመረበት ከሆነ በመለያው ላይ መጻፍ ግዴታ ስለሆነ፣ ለዚያ ገበያ የተዘጋጀ ጠርሙስ ያገኘ ሰው ጀርባውን ቢያነብ እውነቱን ያገኛል። በብዙ ሌላ ቦታ ግን አምራቹ ካልፈለገ አይጽፈውም። እንደ ማካለን እና ግሌንፋርክላስ ያሉት ማንጠሪያ ቤቶች የተፈጥሮ ቀለም ብቻ እንደሚጠቀሙ በግልጽ ይናገራሉ፤ መለያው ዝም ካለ ግን ቀለሙን ለማስረጃ አትቁጠሩት።

በተግባር የሚረዳው ቀለሙን መጨረሻ ላይ ማየት ነው። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ብርጭቆ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ብርጭቆውን ከውጭ በወረቀት ጠቅልሎ አሽትቶና ቀምሶ፣ ማስታወሻውን ጽፎ ከጨረሱ በኋላ ወረቀቱን መፍታት ይበቃል። ጥቁር ቀለም ያየ አፍንጫ የሌለ ዘቢብ ያሸታል፤ ልምድ ያላቸው ቀማሾችም ከዚህ ነፃ አይደሉም።

«ጣዕሙ የሚመጣው አሮጌው የሼሪ በርሜል ውስጥ ከቀረ ወይን ነው»

ይህ የድሮውን ታሪክ ከዛሬው ያደባለቀ ነው፤ ለቅምሻ ደግሞ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ሼሪ የሚመረተው በደቡብ ስፔን፣ በሄሬዝ ዴ ላ ፍሮንቴራ፣ በሳንሉካር ዴ ባራሜዳ እና በኤል ፑዌርቶ ዴ ሳንታ ማሪያ አካባቢ ነው። ለብዙ ዘመን ወይኑ በበርሜል ወደ ብሪታንያ ይጫን ነበር። እዚያ ወደ ጠርሙስ ሲገለበጥ ባዶው በርሜል በርካሽ ወደ ስኮትላንድ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሼሪ በስፔን ውስጥ ታሽጎ ብቻ እንዲወጣ ሲደረግ ይህ ምንጭ ደረቀ።

ዛሬ «የሼሪ በርሜል» የሚባለው በአብዛኛው ለዊስኪ ተብሎ በትእዛዝ የሚሠራ ነው። በርሜል ሠሪው ኦክ ከተባለው ዛፍ የተገኘ አዲስ ጣውላ አድርቆ፣ ውስጡን በእሳት ለብልቦ ይገጥመዋል፤ ከዚያ ሼሪ ተሞልቶ በተለምዶ ከ1 እስከ 2 ዓመት ይሟሻል። የሄሬዝ ተቆጣጣሪ ምክር ቤት «ሼሪ ካስክ» ብሎ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቢያንስ 1 ዓመት ሼሪ ለያዘ በርሜል ነው። ማሟሻው ወይን ብዙ ጊዜ ለመጠጥ አይቀርብም፤ በተከታታይ በርሜሎች ካለፈ በኋላ ወደ ኮምጣጤ ወይም ወደ ማንጠሪያ ይሄዳል። ሼሪ ሠሪዎች ራሳቸው ወይናቸውን የሚያስረጁባቸው የሶሌራ በርሜሎች ግን ሌላ ናቸው። አስርተ ዓመታት ያገለገሉ ስለሆኑ እንጨታቸው ያለውን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ለሽያጭም እምብዛም አይወጡም።

በርሜሉ ውስጥ ወይን ጨምሮ ማስቀረትማ አይፈቀድም። ቀደም ባለው ዘመን ፓክሳሬት የሚባል በጣም ጣፋጭ የወይን ውጤት የደከመ በርሜል ውስጥ በግፊት ይረጭ ነበር፤ ዛሬ የተከለከለ ነው። በእንጨቱ ቀዳዳዎች የተመጠጠው ወይን ቀስ እያለ ወደ ዊስኪው መውጣቱ እውነት ነው፤ የጸሐፊው ግማሽ እውነት ይህ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጠው ግማሽ፣ የእንጨቱ ነው።

ለዚህ ነው ቀማሽ ሁለቱን ኦኮች መለየት ያለበት። የአሜሪካ ነጭ ኦክ ቫኒላ፣ ኮኮናትና ለስላሳ ካራሜል ይሰጣል። የአውሮፓ ኦክ ታኒኑ፣ ማለትም አፍ የሚያደርቀው የእንጨት ንጥረ ነገር፣ የበዛ ነው፤ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ የደረቀ ፍሬ፣ የተወለወለ የቤት ዕቃ ሽታ ያመጣል፤ ቀለሙም ወደ ቀይ ያደላል። ሁለቱም ኦሎሮሶ በተባለው አንድ የሼሪ ዓይነት ሊሟሹ ይችላሉ፤ ውጤታቸው ግን ሩቅ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ቅመምና ምላስ የሚያደርቅ ነገር ካለ «ሼሪው ጠንካራ ነው» ከማለት በፊት የአውሮፓ ኦክን ጠርጥሩ። ቫኒላና ለስላሳ ብርቱካን ከዘቢብ ጋር ከመጣ ደግሞ የአሜሪካ ኦክ ሼሪ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ወይኑም አንድ ዓይነት አይደለም። ኦሎሮሶ ከአየር ጋር ተነካክቶ የሚያረጅ ደረቅ ወይን ስለሆነ ዋልነት፣ ቆዳ፣ የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ ያመጣል። ፔድሮ ሂሜኔዝ ፀሐይ ላይ ከደረቀ የወይን ፍሬ የሚጨመቅ ሼሪ ነው፤ ቴምር፣ የደረቀ በለስ፣ ሞላሰስ። ፊኖ በእርሾ ሽፋን ሥር ስለሚያረጅ ገርጣ ያለ፣ ለውዝና ሊጥ የሚሸት፣ ትንሽ ጨው ያለው ነው፤ በፊኖ በርሜል የኖረ ዊስኪ ጸሐፊው ባስቀመጡት መለኪያ ቢዳኝ ጨርሶ ሼሪ አልነካውም ይባል ነበር።

መለያ ሲነበብ መታየት ያለበትም እዚህ ላይ ነው። «ፊኒሽ» የሚል ካለ ዊስኪው ዕድሜውን በሌላ በርሜል፣ አብዛኛውን ጊዜ የአሜሪካው ዊስኪ ቡርቦን በነበረበት፣ አሳልፎ መጨረሻ ላይ ለተወሰኑ ወራት ወይም ለአንድ ሁለት ዓመት ወደ ሼሪ በርሜል ተዛውሯል ማለት ነው። ሙሉ ዕድሜውን በሼሪ በርሜል ያሳለፈ ከሆነ አምራቹ በኩራት ይጽፈዋል። አጭር ፊኒሽ ሲቀመስ ያስታውቃል፦ አፍንጫ ላይ ዘቢቡ ወዲያው ይመጣል፤ አፍ ውስጥ መሃል ላይ ይጠፋል፤ ከተዋጠ በኋላ የሚቀረው የቡርቦን በርሜሉ ቫኒላ ብቻ ነው።

«ዕድሜው በጨመረ ቁጥር»

በመለያው ላይ የተጻፈው ዓመት በጠርሙሱ ውስጥ ያለው የታናሹ ዊስኪ ዕድሜ ነው። ሲንግል ሞልት ከአንድ ማንጠሪያ ቤት የወጣ ማለት እንጂ ከአንድ በርሜል የወጣ ማለት ስላልሆነ፣ «12» የሚል ጠርሙስ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥም ሊኖር ይችላል። ደንቡ የሚጠይቀው ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል፣ በስኮትላንድ ምድር፣ ቢያንስ 3 ዓመት ነው።

በሼሪ በርሜል ላይ ዕድሜ ሁለት አፍ ያለው ነገር ነው። ከአውሮፓ ኦክ የተሠራ የአቦል በርሜል ለአረቄው ብዙ ይሰጣል፤ ከልክ በላይ ከቆየበት ደግሞ ታኒኑ ያይላል፤ አረቄው የነበረው የፖም፣ የገብስና የማር ጠባይ ይሰወራል፤ ከተዋጠ በኋላ ድድ ላይ የሚቀረው ሻካራ ድርቀትና ምሬት ይሆናል። ይህ ሲያጋጥም «የዕድሜ ክብር» ብሎ ነጥብ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው ተገቢው። አበርላወር አቡናህ የተባለው ዊስኪ ዕድሜ ሳይጻፍበት፣ በኦሎሮሶ በርሜል አርጅቶ፣ ውሃ ሳይጨመርበት በየዙሩ ይወጣል፤ ዕድሜ የተጻፈባቸውን ብዙ ጠርሙሶች ያስከነዳል። ረጅም ዕድሜ ዋጋው የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ትነት ነው፤ በስኮትላንድ ከበርሜሉ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ይተናል። ያ ወጪን ያስረዳል፤ ስለ ጣዕም ግን ምንም አይናገርም።

«እንባው ከቀጠነና ከዘገየ…»

ስለ እንባው ብዙ ማለት አያስፈልግም። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ያለው ስስ ፈሳሽ ወደ ላይ ይሳባል፤ ተጠራቅሞ ሲከብድ ይወርዳል። የሚናገረው በዋነኛነት ስለ አልኮል መጠን ነው። ከርካሽ ቮድካም 50 በመቶ የሆነውን ብትወስዱ ያነባል።

«ውሃ ዊስኪን ይገድላል»

ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ምክር ነው፤ በተለይ ጸሐፊው ራሳቸው 60 በመቶ የሚደርስ ጠርሙስ «እንዳለ» ይጠጣ ብለው ስለሚመክሩ። ያ አልኮል አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ምላስን ያቃጥላል፤ ቀማሹ የሚያሸተው ቃጠሎውን ነው። ዊስኪ አቀላቃዮች ሥራቸው ላይ ናሙናውን ወደ 20 በመቶ ገደማ አውርደው ነው የሚያሸቱት። እ.ኤ.አ. በ2017 ከስዊድን ሊኔዎስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ በኮምፒውተር ቀመር የተሠራ ጥናት ጉዋያኮል የተባለውን ጭስ ጭስ የሚል ውህድ ተከታትሎ፣ አልኮሉ 45 በመቶ እና ከዚያ በታች ሲሆን ውህዱ ወደ ፈሳሹ ገጽ እንደሚወጣ፣ ከ59 በመቶ በላይ ሲሆን ግን በአልኮሉ ተከቦ ወደ ውስጥ እንደሚሰምጥ አሳይቷል። አፍንጫ ደግሞ የሚያገኘው ገጹ ላይ ያለውን ነው።

በምን ያህል መቅጠን እንዳለበት በግምት መተው አያስፈልግም። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የጠርሙሱን የአልኮል መጠን ለሚፈለገው መጠን አካፍሉ፤ ከውጤቱ 1 ቀንሱ፤ የቀረውን በዊስኪው ሚሊ ሊትር አባዙ። «ግሌንፋርክላስ 105» የተባለው ዊስኪ የአልኮል መጠኑ 60 በመቶ ነው። 25 ሚሊ ሊትር ቀድታችሁ ወደ 50 በመቶ ለማውረድ 5 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ወደ 46 በመቶ ለማውረድ 7.6 ሚሊ ሊትር፤ ወደ 40 ለማውረድ 12.5። በአንድ ጊዜ አትገልብጡት። መጀመሪያ እንዳለ አሽትቱ፤ አንድ ማንኪያ ጨምሩ፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፤ እንደገና አሽትቱ። ከዚያ ግማሽ ማንኪያ፣ እንደገና ግማሽ። ፍራፍሬው የሚከፈትበት አንድ ነጥብ አለ፤ ካለፉት ጣዕሙ ውሃ ውሃ ይላል፤ የእንጨቱ ምሬት ብቻውን ብቅ ይላል። በመርፌ መሰል ጠብታ ማውጫ ወይም ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ መለካት ነገሩን እጅግ ያቀላል።

ውሃው የክፍሉ ሙቀት ያለው፣ ጋዝ የሌለው፣ ማዕድኑ ያነሰ መሆን አለበት። አምቦ ውሃ ለሌላ ማዕድ ጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ጋዙም ማዕድኑም ጣዕሙን ይለውጣል። ክሎሪን የሚሸት የቧንቧ ውሃም እንዲሁ።

ውሃ ስትጨምሩ ዊስኪው ቢደፈርስ አትደንግጡ። በቅዝቃዜ ያልተጣራ ዊስኪ ከ46 በመቶ በታች ሲወርድ በውስጡ ያሉት ቅባታማ ውህዶች መሟሟት ስለሚያቅታቸው ይደፈርሳል። ጣዕሙ ላይ የሚመጣ ጉዳት የለም፤ እንዲያውም ውፍረቱ እንዳልተነጠቀ የሚያሳይ መልካም ምልክት ነው። ብዙ አምራቾች 46 በመቶ ላይ የሚያሽጉትም ለዚህ ነው፤ ቡናሃቨን 12 ለምሳሌ 46.3 በመቶ ሆኖ ይመጣል። በአንጻሩ ደንቡ ከፈቀደው ዝቅተኛ 40 በመቶ ላይ የታሸገና በቅዝቃዜ የተጣራ ዊስኪ ከሆነ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ለእርሱ ሁለት ሦስት ጠብታ ቢበዛ ነው።

በረዶ አይግባበት በሚለው ከጸሐፊው ጋር እንስማማለን። ቅዝቃዜ መዓዛውን ያስተኛል፤ ታኒኑን ደግሞ ያጎላል። ለመጠጣት የፈለገ የፈለገውን ያድርግ፤ ለመዳኘት ግን በረዶ ቦታ የለውም።

«የክብሪት ሽታ ካለው የተበላሸ ነው»

እዚህ ላይ ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል፤ የሼሪ ዊስኪን ከሌላው ሁሉ የሚለየው ፈተና ይህ ስለሆነ።

ድኝ ከሁለት በር ይገባል። አንደኛው በርሜሉ ነው። ባዶ በርሜል ሻጋታና ኮምጣጤ እንዳይዘው ውስጡ ድኝ ይጨስበታል፤ ልኩ ሲያልፍ በእንጨቱ ይቀራል፤ ወደ ዊስኪውም ይሸጋገራል። ሁለተኛው አረቄው ራሱ ነው። በማንጠር ጊዜ ትነቱ መዳቡን በነካ መጠን ድኙ ይያዝለታል፤ መዳቡን በአጭሩ ነክቶ የሚያልፍ ከሆነ ጥሬው አረቄ ሥጋ ሥጋ፣ መረቅ መረቅ የሚል ከባድ ጠባይ ይዞ ይወጣል። ትነታቸውን ውሃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ በተጠመዘዘ ቱቦ የሚያቀዘቅዙ ማንጠሪያ ቤቶች ይህን ጠባይ ሆን ብለው ይጠብቁታል፤ ሞርትላክ ለዚህ የታወቀ ነው። ያ ከባድ አረቄ ከኦሎሮሶ በርሜል ጋር ሲጋባ ብዙዎች የሚወዱት ነገር ይወለዳል። ስለዚህ «ድኝ ተገኘ፣ ተበላሸ» ማለት አይቻልም።

የሚለየው የሽታው ዓይነትና የሚቆይበት ጊዜ ነው። ገና የተጫረ ክብሪት ወይም ባሩድ ስስ ሆኖ መጥቶ በ10 እና በ15 ደቂቃ ውስጥ ከሄደ፣ ከሥሩም ፍራፍሬው ከወጣ፣ ነጥብ የሚያስቀንስ አይደለም። የተቃጠለ ጎማ፣ የበሰበሰ እንቁላል፣ ብዙ የተቀቀለ ጎመን ሆኖ ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልለቀቀ፣ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ከባሰ፣ እንከን ነው። ማረጋገጥ ለሚፈልግ አንድ መንገድ አለ፦ ዊስኪውን በሁለት ብርጭቆ 10፣ 10 ሚሊ ሊትር ቅዱ። የፕላስቲክ ልባሱ የተነሣለት፣ በሎሚ ተፈግፍጎ በውሃ የታጠበ አምስት ሳንቲ ሜትር የመዳብ ሽቦ በአንዱ ውስጥ አምስት ደቂቃ አቆዩ። ከዚያ ሁለቱን አነጻጽራችሁ አሽትቱ። ሽቦ የነካው ሽታው ከቀነሰ ድኝ ነበር፤ እርሱን መጠጣት አይገባም፣ ድፉት። ካልቀነሰም ድኝ የለም ማለት አይደለም፤ መዳብ የማይዛቸው የድኝ ውህዶች አሉ።

ሰው ሁሉ ድኝን እኩል አያሸትም። አንዱ ጠርሙሱን ሲከፍት አፍንጫውን ይይዛል፤ አጠገቡ ያለው ቸኮሌት ብቻ ይሸተዋል። ስለዚህ እንከን ነው ከማለት በፊት ሌላ አፍንጫ ይጠየቅ። ጸሐፊው የክብሪት ሽታ የሐሰት ዊስኪ ምልክት እንደሆነ መጻፋቸው ደግሞ ሻጭን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል፤ ሊያርሙት ይገባል።

«የመጀመሪያው ጉንጭ ሁሉን ይናገራል»

የመጀመሪያው ጉንጭ ምላስን ከአልኮሉ ጋር ያስተዋውቃል፤ ከዚያ በላይ አይታመንም። ዳኝነት በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው።

መለኪያ የሚባለው የአረቄ ብርጭቆ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አፉ ሰፊ ስለሆነ መዓዛው ይበተናል። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ለገበያ የቀረበው ግሌንኬርን የተለመደው ነው፤ ካልተገኘ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይተካዋል። ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሊትር ቅዱ፤ 10 ደቂቃ ይረፍ። ስታሸቱ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትቅበሩ። ከአገጭ አካባቢ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አስጠጉ፤ አፋችሁን ገርበብ አድርጉ። እንደ ወይን በኃይል ማሽከርከርም አያስፈልግም፤ አልኮሉን ብቻ ይቀሰቅሳል። ሲቀመስ 5 ሚሊ ሊትር ገደማ ወስዶ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በምላስና በድድ ዙሪያ ማንሸራሸር፣ መዋጥ፣ ከዚያ በአፍንጫ አየር ማስወጣት። የሚቆየውን ጣዕም በሰዓት ያዙት፤ ከ20 ሰከንድ በታች አጭር ነው፤ ከአንድ ደቂቃ ካለፈ ረጅም። ግን ርዝመት ብቻውን አይበቃም፤ ምሬት ሆኖ ሁለት ደቂቃ ከሚቆይ ዘቢብና ዋልነት ሆኖ ሠላሳ ሰከንድ የሚቆይ ይሻላል።

ጸሐፊው ከውጭ ያገኙትን የሽታ ዝርዝር እንዳለ ማቅረባቸው አንባቢን ያደናግራል። የእንግሊዝ የገና ኬክ በልቶ ለማያውቅ ሰው «የገና ኬክ ይሸታል» ምን ይፈይዳል? ቤት ውስጥ ያለው ይበቃል። ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ኮረሪማ፣ ገውዝ፣ ዘቢብ፣ ቴምር፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ያልፈላ ማር፣ ጥቁር ቸኮሌት በየትንሽ ሳህን አድርጋችሁ ከብርጭቆው ጋር እያፈራረቃችሁ አሽትቱ። በኦክ እንጨት ውስጥ ያለው ዩጂኖል ቅርንፉድን ቅርንፉድ ያሰኘው ያው ውህድ ነው፤ ንጽጽሩ በምናብ የተፈጠረ አይደለም። ቅምሻው ከበርበሬ ወጥና ከቡና ቢያንስ አንድ ሰዓት መራቅ አለበት፤ ዕጣንም ሆነ ሽቶ በክፍሉ ውስጥ እንዳይኖር።

በዳኝነቱ ወረቀት ላይ እኛ የምናስቀድመው ሚዛኑን ነው። ውሃ ከተጨመረ በኋላ የብቅሉ፣ የፖሙ ወይም የማሩ ጠባይ ከዘቢቡ ጋር አብሮ ቆሟል? ጣፋጩን የሚገታ ምሬት ወይም ኮምጠጥ ያለ ነገር አለ? ባዶው ብርጭቆ በማግስቱ ሲሸተት ምን ቀርቶበታል? የተጋነነ የሼሪ በርሜል እርጥብ ጣውላ ትቶ ይሄዳል፤ ጥሩ አረቄ ያለው ማርና የተቆላ ገብስ።

ልዩነቱን በአንድ ምሽት ማየት የሚፈልግ ሰው ሁለት ብርጭቆ ይበቃዋል፦ ባልቬኒ ደብልውድ 12 እና ግሌንፋርክላስ 15። የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ወደ ሼሪ በርሜል የተዛወረ ነው፤ ሁለተኛው በኦሎሮሶ በርሜል ያረጀና 46 በመቶ የታሸገ ነው። ሁለቱን ወደ 40 በመቶ አስተካክላችሁ፣ ሌላ ሰው ቀድቶ በማታውቁት ቅደም ተከተል ያቅርብላችሁ።

«ጠርሙሱን ማጋደም»

ወይን በጠርሙሱ ውስጥ ይለወጣል፤ ዊስኪ ከበርሜል ሲወጣ ማርጀቱን ያቆማል። 12 ዓመት የሆነው ጠርሙስ 30 ዓመት ቢቀመጥ 12 ዓመት ነው። ማጋደም ደግሞ ቀጥተኛ ጉዳት አለው፤ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል፤ ቡሹ ይፈረፈራል፤ ጠርሙሱ ያንጠባጥባል። ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከፀሐይና ከሙቀት ይራቅ። ከተከፈተ በኋላ አየሩ እየበዛ ሲሄድ መዓዛው ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ሲሦው ብቻ ከቀረ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጠጣ፤ ማቆየት የፈለገ ወደ ትንሽና ንጹሕ ጠርሙስ እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ ቀኑን ጽፎበት ያስቀምጠው።